ሬዲዮ የማይመልሰው ካፒቴን

ሁላችንም ታንቲን፣ «አክስቴ»፣ የምንላት ጊላን ሰው አታምንም ነበር። ዓሣ ነጋዴ «ዛሬ ጠዋት የተያዘ ነው» ብሎ ቢምል የዓሣውን ዓይን አይታ፣ ሆዱን ተጭና፣ አሽትታ ነው የምትወስደው። የገዛ እህቷ «ደህና ነኝ» ብትላት እንኳ «ምን ደብቀሽኝ ነው?» ትላታለች።

ግራንድ ቤ በምትባል የባሕር ዳርቻ፣ አንድ ካታማራን፣ ሁለት ሆድ ያለው የሸራ ጀልባ፣ ላይ አብረን እንሠራ ነበር። ጠዋት ቱሪስቶቹን ጭነን ወደ ጋብርኤል ደሴት እንሄዳለን፤ እዚያ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገው ከውሃው ሥር ያለውን ኮራል ሲያዩ ይውላሉ፣ ከሰዓት እንመልሳቸዋለን። እኔ ሸራውንና መነጽሮቹን እይዛለሁ። እሷ ከኋላ ቆማ ዶሮና ዓሣ ትጠብሳለች።

ካፒቴን ሱሩጅ የመጣው የአውሎ ነፋሱ ወራት እንዳለፈ ነው። ድሮ ወደብ ላይ ውሃ ውስጥ እየጠለቀ የሚሠራ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። ጊላን ገና ከጅምሩ በጥርጣሬ ዓይን አየችው።

«ዣኖ፣ ይሄ ሰውዬ ሬዲዮ አይመልስም» አለችኝ ዶሮውን እያገላበጠች። «የባሕር ጠባቂዎቹ ሲጠሩ የምታነሳው አንተ ነህ። እሱ አንስቶ ያውቃል?»

«መሪ ይዞ እኮ ነው፣ ታንቲን።»

«በአንድ እጁ! ሌላው እጁ ምን ሆነ? ድምፁን የማያሰማ የሚሸሽገው ነገር ያለው ሰው ነው። ደግሞ የሴቶቹን አፍ አፋቸውን ነው የሚያየው፣ ባለጌ!»

እውነትም አፍ ያያል። ቱሪስቶቹ ሲበሉ ደግሞ ብቻውን ወደ ድንጋዮቹ ማዶ ይሄዳል። በባሕር አደንዛዥ ዕፅ እንደሚገባ ሁሉም ያወራል፤ እኔም ሳላስበው መጠራጠር ጀመርኩ። ጊላን ቦርሳውን በርብራ ያገኘችው ግን በወረቀት የተጠቀለለ ዶል ፑሪ የሚሉት የክክ ቂጣ፣ ጥጥና ትንሽ የዘይት ብልቃጥ ብቻ ነበር።

«ዘይት ምን ያደርግለታል?» አለች። ባዶ ቦርሳ ብታገኝ ኖሮ የበለጠ ትጠራጠር ነበር።

ነፋስ በበዛበት አንድ ቀን፣ እኔ በትንሿ ጀልባ ቱሪስቶች ወደ አሸዋው ሳደርስ፣ ከወደኋላ ጩኸት ሰማሁ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ከኮራሉ ወጥታ በጋብርኤልና በጎረቤቷ ደሴት መሐል ያለው የባሕር ጅረት ይዟት እየሄደ ነው። መነጽሯ ወልቋል፤ እየጮኸች እጇን ታወዛውዛለች። ሱሩጅ ካታማራኑ የፊት ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የመልሕቁን ገመድ ያጠብቃል።

«ካፒቴን! ካፒቴን ሱሩጅ!» ጊላን ደጋግማ ተጣራች። ዞር አላለም።

የዓሣውን መቆንጠጫ አንስታ ወረወረችው፤ ትከሻውን መታው። ዞረ። ጣቷን ወደ ጅረቱ ቀሰረች። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ውሃው ውስጥ ገባ። እኔ ሞተሬን አስነስቼ ስደርስ አሮጊቷን ደረቱ ላይ አስደግፎ ይዟታል። የጠጣችውን ባሕር ተፋች፤ ተረፈች።

እንግዶቹ አሸዋው ላይ ምሳ ሲበሉ እኛ ካታማራኑ ላይ ቀረን። ሱሩጅ ገመድ ይጠቀልላል። ጊላን ከኋላው ቆማ፣ «ሱሩጅ፣ ሱሪህ ተቃጠለ!» አለች።

ገመዱን ይጠቀልላል።

እዚህ የማልደግመውን ስድብ እናቱን ጨምራ ሰደበችው። አሁንም ይጠቀልላል። ዞራ ፊቱ ቆመች። ፊቷን አይቶ እንዳወቀችበት ገባው።

«ስታወሪ ወደኔ ዙሪ» አለ ቀስ ብሎ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንደኛው ጆሮዬ ወደብ ስሠራ ሄደ። ሌላው ዘንድሮ።» የጥጡና የዘይቱ ነገር ያኔ ገባኝ።

«አለቃችን ያውቃል?»

«ቢያውቅ መሪ ይሰጠኛል?»

«ሴትዮዋ ብትሞትስ?»

ገመዱን ጣለው። ከዚያ፣ «እንደ ሌባ ስትከታተዪኝ ከረምሽ። ይኸው ያዝሽኝ፤ ደስ አለሽ?» አላት።

«ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

ራሱ ለአለቃችን ነገረው። መሪውን ተቀበሉትና ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ መደቡት፤ የካታማራኖችን ሆድ ይፍቃል፣ ስንጥቅ ይደፍናል። መንደሩ ግን ጊላንን ኮነናት። «የሰው ጉሮሮ ዘጋች» አሉ። የሱሩጅ ሚስት ገበያ ላይ ስታገኛት ፊቷን ታዞርባታለች። ጊላን አንድም ቀን ለራሷ አልተከራከረችም።

ከሥራ ስንመለስ የተጠበሰ ዓሣ በሣህን ሸፍና፣ «አድርስለት» ትለኛለች። ሱሩጅ መጀመሪያ እንደተሸፈነ መለሰው። በሌላ ቀንም መለሰው። አንድ ቅዳሜ ግን ክዳኑን ከፈተና አሸተተ፤ ቁራሽ ቆርሶ ለግቢው ድመት ወረወረላት። ድመቷ በላች፣ ከንፈሯን ላሰች። እሱ አሁንም ትንሽ ጠበቃት።

ከዚያ የተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዓሣውን በእጁ ይበላ ጀመር። ሲጨርስ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሾሁን ለቅሞ ጨረሰና ሣህኑን አቀበለኝ።

«ጨው አንሶታል በላት» አለኝ።