ካዕባ የሌለበት ግድግዳ

ሸርበት ሐጃ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሳልናገር ብቀር ሻይ ቤቴ ድረስ መጥታ ሰው ፊት ስለምትወቅሰኝ ነው። በመንደራችን ዕድሜዋ የገፋ ሴት ሁሉ ለአክብሮት “ሐጃ” ትባላለች፤ መካ የሄደችውም ያልሄደችውም ደስ ብሏት ትሰማለች። ሸርበት ግን ትቆጣለች። “ስሄድ ትጠሩኛላችሁ” ትላለች።

ቤቷ ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ከአባይ ዳር ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከእኔ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ባሏ ጣየዕ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሐጅ ቤት ሠዓሊ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው መካ ሲሄድ፣ ከመመለሱ በፊት ዘመዶቹ የቤቱን ፊት ያሥሉለታል፦ የተሳፈረበትን መርከብ ወይም አውሮፕላን፣ ጥቁሩን የአላህ ቤት ካዕባን፣ እሱንም ነጭ ለብሶ ሲጸልይ። ጣየዕ አውሮፕላኑንና ጽሑፉን ይሠራል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ግን የካዕባው ጥቁር ጠርዝ ቀጥ አይልለትም ነበር። ስለዚህ ካዕባውን የምትሠራው ሸርበት ናት። ከቀን መቁጠሪያ ላይ አይታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ቤት ካዕባ ስትሥል ኖረች። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው የጣየዕ ስም ብቻ ነበር። ጣየዕ መካን ሳያይ ሞተ፤ እሷም አላየችም።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ኒእማት የምትባል፣ ሚላኖ አግብታ የምትኖር። ባለፈው በጋ እናቷን አስመጣችና በባቡር አዞረቻት፤ ጣሊያንን፣ የስዊዘርላንድን ተራሮች፣ የራይንን ወንዝ፣ ፓሪስን። መንደሩ በዚህ ሲስቅ ከረመ። አሮጊት ሴት የአላህን ቤት ሳታይ የፈረንጅ አገር ምን አስሄዳት እያለ የማያማ አልነበረም። እኔም ሻይ እየቀዳሁ አብሬ ስቄአለሁ፤ ሐሜት ያለ ሻይ፣ ሻይም ያለ ሐሜት አይሄድም።

የመጣች ዕለት ከጀልባ ስትወርድ ሴቶቹ እልል አሉላት። እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትደርስ ቆም ብላ ግድግዳውን አየች። ጭቃ ልስኑ እንደተወችው ነው።

“ለእኔ ማንም አልሣለልኝም?” አለች።

የባሏ ታናሽ ወንድም ሐጅ መድቡሊ ሻንጣዋን ተሸክሞ ከኋላዋ ነበር። “ምን ይሣልልሽ፣ የወንድሜ ሚስት?” አለ እየሳቀ። “የፈረንጅ ላም?”

“ላምስ አይቻለሁ” አለች። “ደወሏ የአንተን ራስ ያክላል።”

በማግስቱ የጣየዕን መሰላል ከጓሮ አውጥታ አቆመች። ቀለሙን ያገኘችው ከጀልባ ነጂዎቹ ነው፤ ጀልባቸውን የሚቀቡበት የዘይት ቀለም። የሐጅ ቤት የሚሣለው በሙጫ በተበጠበጠ ዱቄት ቀለም ስለሆነ፣ ይሄ ለግድግዳ አይሆንም፣ በኋላ ማጥፋት ብትፈልጊ አይለቅልሽም አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። የማይለቅ ነው የምፈልገው ብላ ብሩሿን ነከረች።

እንግዲህ ያን ሰሞን የእኔ ሻይ ቤት ወንበር አጥሮበት ሰነበተ። መጀመሪያ ተራራውን ሣለች፣ አናቱ ነጭ፣ ወገቡ ሰማያዊ። ከሥሩ ቀይ ባቡር፤ ባቡሩ ውስጥ ከሰው እኩል ወንበር ላይ የተቀመጠ ውሻ። ጎረቤቶቿ ውሻውን ለማሳቅ የጨመረችው መሰላቸው፤ እሷ ግን ከፊቴ ነበር የተቀመጠው፣ እስከምወርድ ድረስ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ነበር ብላ ማለች። ቀጥሎ ገበያ ላይ አንዲት ቲማቲም ብቻ ገዝታ በቦርሳዋ የከተተች አሮጊት ሣለች። ሰው ሁሉ የፓሪሱን የብረት ግንብ ቢጠብቅ፣ እሱን ያላየ የለም ብላ ዘለለችው።

መጨረሻ ላይ ራሷን ሣለች። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሐይቅ ዳር ተቀምጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትስቃለች። መንደሩ የተንጫጫው በዚህ ነው። በመንገዱ የሚያልፉት ሴቶች እግርሽን ለአገር ምድሩ አሳየሽው እያሉ ነገር ወረወሩባት። እሷ መሰላሉ ላይ ወጣችና ለእግሯ ጣቶች ጥፍር ጨመረችላቸው።

በቀኝ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ጥግ ሳይቀባ ቀረ። ቀለም ያለቀባት መስሎኝ አልጠየቅኋትም።

አንድ ጠዋት ከላይኛው አገር የመጣ ሽማግሌ ከጀልባ ወርዶ በዚያ ሲያልፍ፣ የተሣለውን ግድግዳ አየ። ባገራችን የተሣለ ቤት ያየ ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “አላህ ሐጅሽን ይቀበልሽ፣ ሐጃ” አላት።

ሸርበት ከመሰላሉ ወረደች። “አባቴ፣ እኔ መካ አልሄድኩም። ይሄ ስዊዘርላንድ ነው።”

ሽማግሌው ተራራውን አየ፣ ውሻውን አየ። “እዚያስ የትኛው የአላህ ሰው ነው የተቀበረው?” አለ።

“እኔ እንጃ፣ አልጠየቅሁም” አለች። ሽማግሌው ለማንኛውም አላህ ይቀበልሽ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሐጅ መድቡሊ ጆሮ ገባ። መድቡሊ ክፉ ሰው አይደለም። ሦስቴ መካ የሄደ፣ የቤተሰቡ ትልቅ ነኝ የሚል፣ ሰው ሲስቅበት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ያን ዕለት ሊቆጣ ሳይሆን መላ ይዞ መጣ። ቤቱ የወንድሜ ነው፣ የሐጅ ሠዓሊ ቤት ላይ ውሻ ተሥሎ መሳቂያ ሆንን ብሎ ጀመረና፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እዚያ ባዶው ጥግ ላይ ትንሽ ካዕባ ሣዪበት” አላት። “ያ ሽማግሌ እንዳለሽ ሁሉም ሐጃ ይልሻል፣ ያልሄድሽ መሆንሽን ማን ይመረምራል? ተራራሽም ውሻሽም ይቀመጥልሽ።”

እውነቱን ልናገር፣ እኔ መላውን ወድጄው ነበር። በአንድ ጥቁር ሣጥን ነገሩ ሁሉ ይበርዳል፣ ግድግዳዋም ይተርፋል።

“አላየሁትም” አለች ሸርበት።

“ዕድሜሽን ሙሉ ስትሥዪው አልኖርሽም? የእኔ ቤት ላይ ያለውን ማን ሣለው?”

“እኔ ነኝ የሣልኩት። አንተ አይተኸው መጣህ፣ እኔ ሣልኩልህ። ይሄ ግን የእኔ ግድግዳ ነው፣ መድቡሊ። ስንት ዘመን ያላየሁትን ስሥል ኖሬ፣ አሁን ገና ያየሁትን ሣልኩ። በአላህ ቤት ደግሞ አልዋሽም።”

“እንግዲያው ኖራ ይቀባል።”

“ቀባው” አለችና ሻይ አዘዘችለት። ሳይጠጣው ሄደ።

እሷ ለቅሶ ልትደርስ ወደ ማዶ የተሻገረች ዕለት ኖራ ቀቢው መጣ። እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ግን በወንድም ቤት ጉዳይ ገብቼ ምን እላለሁ? ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሻይ ሲጠይቀኝ ውሃዬ አልፈላም ማለት ነው። ማሰሮው ሲንፈቀፈቅ ግን ቀቢው ሰምቷል። ተራራውንም፣ ባቡሩንም፣ ያቺን የምትስቅ ሴትዮም፣ ባዶውንም ጥግ አንድ ላይ ነጭ አድርጓቸው ሄደ።

ሸርበት ስትመለስ ታለቅሳለች ብዬ ወንበር ይዤ ሮጥኩ። እጇን በግድግዳው ላይ አሳለፈችና ኖራውን በጣቶቿ መካከል አሸችው። በጀልባ ቀለም ላይ ኖራ አይዝም፣ ቆይና ታያለህ ብላኝ ልትተኛ ገባች።

የእኛን ፀሐይ ታውቃላችሁ። ኖራው መጀመሪያ ተሰነጣጠቀ፤ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ በነፋስ ይሄድ ጀመር። ቀድሞ የወጣው እግሯ ነው፣ ከነጥፍሩ። አላፊ አግዳሚው ዛሬ ምን ወጣ እያለ ቆሞ ያይ ነበር። መድቡሊ ቀቢውን እንደገና ላከው፤ ያም ረገፈ። ውሻው ሲወጣ እልል ያለች ጎረቤት ነበረች፣ ያቺው እግርሽን አሳየሽ ስትል የነበረችው።

ሁሉም ተገልጦ ሲያልቅ መድቡሊ ብቻውን መጣ። ሸርበት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኖራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልረገፈም፦ ያ በሩ አጠገብ ያለው ጥግ። የጀልባ ቀለም ስላልነካው፣ ባዶው ልስን ኖራውን አጥብቆ ይዞት ንጹሕ ነጭ ሆኗል።

“እሱ እንኳ ተረፈልኝ” አለ መድቡሊ በምሬት።

“አደራህን እንዳታስነካው” አለችው። “መጀመሪያውኑ የተውኩት ለካዕባ ነው። ሄጄ አይቼው ስመጣ እሥልበታለሁ።”

መድቡሊ ከጥጉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጉልበቷ እንደሚያማት፣ ዕድሜዋም ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

“ሳታዪው ብትሞቺስ?” አለ።

“ባዶውን ይቀመጣላ” አለች። “ማንም አይሙላልኝ። አንተም ብትሆን።”

ሐጅ መድቡሊ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔም ለሁለቱም ሻይ አመጣሁ። በዚህ ጊዜ ጠጣው። ጥጉ እስከ ዛሬ ነጭ ነው፤ ልጆች በከሰል ሊሞነጫጭሩበት ሲጠጉ በድንጋይ የሚያባርራቸው መድቡሊ ነው።