አደይ አበባና የመሪጌታ መነጽር

ወረታ ላይ ፎቶ አንሺ ማን ነው ቢሉ ሙህዲን ነበር። ከጎንደርና ከደብረ ታቦር መንገድ መገናኛ ዝቅ ብሎ፣ ሣጥን የሚያህል ካሜራውን በሦስት እግር አቁሞ፣ ሙሽራውንም ባላገሩንም «አይተንፍሱ!» እያለ ያነሳል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያነሳው ግን ሰው ብቻ ነበር።

በ1957 መስከረም፣ ሚስቱ ሀሚዳ እንደ አረም ሳትነቅል ጓሮ የተወችው አደይ አበባ ፈነዳ። አንድ ጠዋት ሙህዲን ጎንበስ ቢል፣ ንብ ከአበባው መካከል በቢጫ ዱቄት ተለውሳ ትንፈራገጣለች። ሊያነሳት ፈልጎ ካሜራውን ተሸክሞ መጣ። ሲያቀርበው ግን አበባው ጭጋግ ይሆንበታል፤ ሲያርቀው ምስር ያህላል። ሦስት ቀን ታገለ።

«አንተ ሰው፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አንተ ከአረም ጋር!» እያለች ሀሚዳ ሳቀችበት።

በአራተኛው ቀን መሪጌታ ገብረ ሐና ፎቶ ሊነሱ መጡ። ተራ ሲጠብቁ ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው ዳዊት መድገም ጀመሩ። ሙህዲን መነጽሩን ትክ ብሎ አየው።

«መሪጌታ፣ ያለ እሱ ፊደሉ አይታይዎትም?»

«ሲርቅማ ይታየኛል። ሲቀርብ ነው የሚደበዝዝብኝ።»

«የኔም ካሜራ ሕመሙ ይኸው ነው! እባክዎ ለአንድ አፍታ ያውሱኝ።»

«የሣጥንም ዓይን ያረጃል እንዴ?» ብለው እየሳቁ አውልቀው ሰጡት።

አንዱን መስታወት ከካሜራው ዓይን ፊት በክር አሰረው። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ሲያይ በደስታ ጮኸ። አበባው ንብ እንዳረፈችበት፣ እንደ ካሜራው ልማድ ተገልብጦ፣ ሰፌድ አክሎ ወለል ብሏል። ነፋስ ሲነሳ ሀሚዳ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ጋረደች፤ መሪጌታም በወዲያ በኩል ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«አይተንፍሱ!» አለ ሙህዲን ከልማዱ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ንቧም እንደታዘዘች ጸጥ አለች።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ጥርት ያለ ነበር። ሀሚዳ ግን «አደይ ያለ ቢጫ ምን አደይ ነው?» ብላ እርድ በጥብጣ በላባ ጫፍ ቀባችው። በገበያ ቀን ከበሩ ላይ ሲሰቅሉት ባላገሩ ከበበው። ደሳለው የሚባል ንብ አርቢ ከሐሙሲት መጥቶ ኖሮ፣ «ስንት ዘመን ማር ስቆርጥ፣ ንብ እግሯ ላይ ስንቅ ቋጥራ እንደምትሄድ ገና ዛሬ አየሁ!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሙህዲን ከጎንደር የራሱን መነጽር አስመጣ። በየጥቢው ከሀሚዳ ጋር ፎገራ ሜዳ ወርዶ የባቄላውንም የኑጉንም አበባ ያነሳል። አንድ ዓመት መነጽሩን ይዞ በደረቱ ተኝቶ አበባ ሲመረምር፣ ሀሚዳ ቀስ ብላ ካሜራውን ወደሱ አዞረችና አነሳችው። ፎቶው ላይ የሚታየው ሁለት የሙህዲን እግርና ሌላውን አካሉን የዋጠው የኑግ አበባ ብቻ ነው።