ከአንድ ብልቃጥ

የፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ ጭልፋ» ይሏታል። ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። እዚያ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ስታበስል ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሰውንም የምታውቀው በፊቱ ሳይሆን በሚመልሰው ሳህን ነው። ዳቦውን ቆራርሶ ሾርባውን ያልነካ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል። ድንቹን ለቅሞ ሥጋውን የተወ ጥርሱን አሞታል። ምን ሆነሃል ብላ አታደርቀውም፤ በማግስቱ ለስለስ ያለውን መርጣ ትጨልፍለታለች፣ አለቀ።

ይህቺው ሴት የስኳር ሕመምተኛ ናት። ክኒኑ አልበቃ ሲላት ዶክተሯ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ አዘዘችላት። ስኳሩ ወረደላት፤ ምግብ ግን ጠላት ሆነባት። የሽንኩርት ሽታ እያቅለሸለሻት፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ማብሰል! ሠራተኞቹ «እትዬ ጭልፋ የገዛ እጇን ፈራችው» እያሉ ይስቁባት ነበር። እያደር ለመደችው፤ እግሯን ያቃጥላት የነበረውም በረድ አለላት።

ባሏ ታፔላ ጸሐፊ ነው። የዚያ መንገድ ሱቆች ግማሾቹ ስማቸው የተጻፈው በእሱ ብሩሽ ነው። ሕመሙ በመንቀጥቀጥ ቢጀምር ኖሮ ማንም ይነቃበት ነበር። የጀመረው ግን በፊደል ነው። ለጫማ ሻጩ የጻፈው ታፔላ ላይ «ዘመናዊ» የሚለው ከሩቅ ይጣራል፤ «መሸጫ» ላይ ሲደርስ ፊደሎቹ አንሰው አንሰው ጉንዳን አክለዋል። ጫማ ሻጩ ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ ምነው ቀለም አልቆብህ ነው?» አለው። ሰውየው አብሮት ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም።

ሐኪም ቤት ፓርኪንሰን ተባለ። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዙት ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው፤ የሚያግዝ መድኃኒት አለ፣ ከሥሩ የሚያቆመው ግን የለም። ዶክተሩ አንድ ነገር ጨመረ። አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች፣ ሚስቱ የምትወጋው ዓይነትም ጭምር፣ የአንጎልን ሕዋሳት ይጠብቁ እንደሆነ በጥናት እየተፈተሸ ነው፤ የሚሳተፍ ሰው ይፈለጋል። «ግማሹ ሰው እውነተኛውን ይወጋል፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶውን። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም» አላቸው።

«ስኳር ሳይኖርብኝ የስኳር መርፌ!» አለ ባልየው እየፈረመ። ፊርማው እንኳ አንሳ የነጥብ ታላቅ እህት ሆናለች። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ብልቃጥ ልንቀዳ ነው።»

ዶክተሩ አያውቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ሳህን አላት። መርፌውን ከጀመረበት ሳምንት አንስቶ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አልነቀለችም። ሰውየው ይበላል። መጠኑ ተጨመረ፤ ይበላል። ሾርባውን ጨልጦ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ «ቀረ እንዴ?» ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚላት ነገር አንጀቷን ቆረጠው። ባዶው ነው የደረሰው፣ አለች በልቧ። መርፌውን የምትሰጠውን ነርስ በጨዋታ አስመስላ ብትጠይቃት «እናቴ፣ መድኃኒቱ ሁሉንም ሰው እኩል ምግብ አያስጠላም፤ በዚህ አይታወቅም» አለቻት። እውነቷን ነው፤ የፈራ ልብ ግን መቼ ይሰማል! ልንገረው ወይስ ልተወው? ብነግረው ተስፋው ይሞታል፤ ተስፋው ከሞተ ብሩሹን ይጥላል፤ ያለ ብሩሹ ደግሞ ያ ሰው ምን ይቀረዋል? ይህን በሆዷ ይዛ ሰነበተች።

አንድ ምሽት ራቱን ግማሹን ተወው።

«ምነው?»

«እንጃ፤ ምግብ አስጠላኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስታበስል፣ የተተወ ምግብ እንዲህ አስደስቷት አያውቅም። በማግስቱም ተወ፣ ከዚያም ወዲያ ተወ። ፋብሪካ ውስጥ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ጭልፋዋም ለሁሉም ሞልቶ ይፈስ ጀመር። «እትዬ ጭልፋ ሎተሪ ወጥቶላታል» ተባለ።

ታዲያ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል? አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛው ቀደም ብሎ ተለቀቀ። እሷም በባሏ መሥሪያ በኩል አለፈች። በሩን ገፋ ብታደርግ ሰውየው ሊጻፍበት ከተደገፈ ትልቅ ቆርቆሮ ጀርባ ተቀምጧል፤ ባንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው የተቀቀለ እንቁላል፣ ጉንጩ ተነፍቶ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የእንቁላሉ ፍርፋሪ ሱሪው ላይ ተበትኗል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። የጎረሰውን ለመዋጥ ጊዜ ፈጀበት።

«ምግብ አስጠልቶኛል ያልከኝ አንተ ነህ?»

«ሳህኔን እንዴት እንደምታዪው ሳላይ ቀረሁ መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ። «ጠርጌ በመለስኩ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁራል። አንድ ቀን ብተወው ፊትሽ በራ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልብላ?»

የቀለም ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። ንዴቷም መጣ፣ ሳቋም መጣ፤ ሁለቱ ተጋፍተው እንባ ሆኑ።

«እንግዲያው ባዶውን ከሆነ በየሳምንቱ ለምን ትወጋለህ? ተወው፣ ይቅርብህ።»

«እንግዲህ ከባሕሩ ለእኔ የደረሰኝ ውኃው ይሆናላ» አለና ዳቦውን አስቀመጠ። «ግን ያንቺ መርፌ መድኃኒት መሆኑ በምን ታወቀ? ያኔ በሚሞከርበት ጊዜ ባዶውን የተወጋ ሰው ነበር። እሱ ስኳሩ አልወረደለትም። አንቺንም አያውቅሽም። ዛሬ በእግርሽ ቆመሽ የምታበስይው በእሱ ነው።»

ያንን ሰው አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ሚስት ይኑረው አይኑረው እንጃለት፤ ብቻ ባዶ መርፌ ተወግቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ራቱን ጥርግ አድርጎ የበላ ሰው። ማመስገን ብትፈልግስ የት ታገኘዋለች?

ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና ተነሳች። ፊደል የሚያንሰው መስመር ሲያጣ ነው ብላው ነበር ነርሷ። ከመሥሪያው ጥግ ክር አንስታ ጠመኔ አስነካችው፤ አንዱን ጫፍ ለእሱ ሰጥታ ሌላውን ራሷ ይዛ ቆርቆሮው ላይ ወጥረው ለቀቁት። አንድ ነጭ መስመር ከላይ፣ አንድ ከታች።

«ከዚች እስከዚች ድረስ» አለችው። «አንዷም እንዳታጥር።»

ብሩሹን አነሳ። ቀስ እያለ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈ። እሷ ከጎኑ ቆማ የቀለሙን ጣሳ ያዘችለት። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ዘመም ብትልም ሁለቱንም መስመር ነካች።

ያን ማታ ሾርባውን ሞልታ አቀረበችለት። ጨልጦ ጠጣ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠረገና ቀና ብሎ አያት።

«ቀረ እንዴ?» አለ።

ድስቱን አመጣችለት።