ጉና ላይ ያልጠየቅኋቸው ሰው

በአስጎብኚነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የወረታው ቢሮ ኃላፊያችን አቶ ታምራት ፊሽካ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳና አንድ ደብተር ሰጡኝ። ፊሽካው ጭጋግ ሲወርድ ሰው ለመሰብሰብ ነው። ቦርሳው ለቁስልና ለወለምታ። ደብተሩን ሲያስይዙኝ ግን፣ "ጉና ተራራ ላይ እንግዳ የሚገድልብህ ገደል እንዳይመስልህ፤ ከፍታው ነው" አሉኝ።

"ማታ ማታ እያንዳንዱን እንግዳ ጠይቀህ ትጽፋለህ። ራሱን ያመዋል? ምግብ አስጠልቶታል? ትንፋሽ ያጥረዋል? ሁለቱን አዎ ካለህ ጉዞው አለቀ። ቢለምንህም ቢቆጣህም ይዘኸው ትወርዳለህ።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። በዚህ ደንብ ብዙ ሰው ከመንገድ መልሻለሁ። አንድ ጎልማሳ ጫፉ እየታየው ውረድ ብዬው አልቅሷል። አላዘንኩለትም።

ጉና እንደ ሰሜን ተራሮች ሰው አይበዛበትም። በጅባራው ተክልና በጓሳው ሣር መካከል ከእኛ ሌላ መንገደኛ ሳናይ የምንውልበት ቀን ብዙ ነው። እንግዶቹ የሚወዱትም ይህንኑ ነው። ለእኛ ለሠራተኞቹ ግን ሰው የለም ማለት ደራሽ የለም ማለት ነው። ስልክም አይሠራም።

በቅሎና ጫኝ የምንይዘው ከዚያው ከተራራው ሥር ነበር። አንድ ጊዜ፣ በነቢያት ጾም፣ አገሬው ገብስ ውቂያ ላይ ስለነበር በቅሎ የሚያከራይ ጠፋ። እንግዶቼ፣ አንድ ጀርመናዊና ሚስቱ፣ ወረታ ደርሰዋል። ስለዚህ አያ ይርጋን ለመንኳቸው።

አያ ይርጋ የፎገራ ሰው ናቸው። ሃምሳውን አልፈዋል። የሩዝ አጨዳቸውን ጨርሰው በሁለት በቅሎ ወደ ሐሙሲት ገበያ እህል ያመላልሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ሜዳ ላይ ነው፤ ጉናን ከሩቅ እንጂ ቀርበው አያውቁትም።

"እኔ በቅሎ እነዳለሁ፤ አቀበቱን የምትሄደው በቅሎዋ ናት" ብለው ሳቁ። ተስማማን።

በመጀመሪያው ሰፈራችን ድንኳን ተክለን እንግዶቹን ጠየቅሁ። ሁለቱም ደኅና ነበሩ፤ ጻፍኩ። አያ ይርጋ ከጭነቱ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሽሮው ቀርቦላቸው አልነኩትም።

"አያ ይርጋ፣ ምነው አይቀምሱም?"

"አላሰኘኝም። ራሴን ፍልጥ አድርጎኛል።"

"ፀሐዩ ይሆናል፤ ምች ነው። ሻይ ይጠጡበት" አልኳቸውና ወደ እንግዶቹ ተመለስኩ። ደብተሩ በእጄ ነበር። ስማቸውን አልጻፍኩም። ለመጻፍም አላሰብኩም፤ የከፍታ ሕመም የፈረንጅ ሕመም ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከፍ ብለን ሰፈርን። አያ ይርጋ ያስላቸው ጀመር። ጭነት ሲያወርዱ በየመሐሉ እየቆሙ ይተነፍሳሉ። ምግቡንም እንደገና ሳይነኩ መለሱት። ያን ጊዜ ገባኝ ብል ውሸት አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ገብቶኝ ነበር። ግን እሳቸውን ብመልስ በቅሎዎቹ ይመለሳሉ፤ በቅሎዎቹ ከተመለሱ ድንኳኑ ይቀራል፤ ድንኳኑ ከቀረ ጉዞው ይበላሻል። "ነገ ደርሰን እንመለሳለን፤ አንድ ቀን ነው" አልኳቸው።

"እንግዲህ አንድ ቀን ከሆነ" አሉ።

በማግስቱ እኔ እንግዶቹን ይዤ ወደ ጫፉ ወጣሁ። እሳቸው ጭነቱን ይዘው በተራራው ወገብ ዞረው እንዲጠብቁን አዘዝኩ። ከጫፉ ስንወርድ በመጀመሪያ ያየነው በቅሎዎቹን ነው፤ ጭነታቸው ሳይወርድ ጓሳ ይግጣሉ። አያ ይርጋ ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አፋቸው ላይ ደም የቀላቀለ አረፋ ነበር።

የጀርመናዊው ሚስት ነርስ ናት። ጆሮዋን ደረታቸው ላይ አድርጋ አዳመጠች። "ሳንባው ውሃ ሞልቷል። አሁኑኑ አውርዱት" አለች። ቀጥላም፣ "ትናንት እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በቅሎዋን ላቀርብ ሄድኩ።

በቅሎ ላይ ብናስቀምጣቸው መያዝ አቃታቸው። ፊሽካዬን እየነፋሁ ቁልቁል ሮጥኩ። አውድማ ላይ የነበሩ አራት ገበሬዎች መንሻቸውን ጥለው መጡ። ከድንኳኑ እንጨትና ከጋቢያቸው ቃሬዛ ሠርተን ተሸከምናቸው። በመንገድ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው፣ "በቅሎዎቹን ማን ያዘልኝ?" አሉ። "ይዘናቸዋል" አልኳቸው። ማንም አልያዛቸውም ነበር።

አንድ ባሕር ዛፍ ጋ ስንደርስ ከፊት የተሸከመው ሰው፣ "ኧረ እናውርዳቸው" አለ። አወረድናቸው። ሕይወታቸው አልፎ ነበር። የመኪናው መንገድ ከታች ይታየን ነበር።

ቢሮ ስገባ አቶ ታምራት ደብተሩን አገላብጠው አዩት። የሁለቱ እንግዶች ስም ብቻ ነው ያለበት። መልሰው ሰጡኝና፣ "ሪፖርቱ ላይ ሕመሙን አልተናገረም ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

"ተናግረዋል እኮ።"

"ተናግሯል ብለህ ብትጽፍ ከሞት ይነሣል?"

ጻፍኩ።

ለቀስተኛው በተሰበሰበበት የአያ ይርጋ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝ። "አመመኝ አላለህም?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። "አላሉኝም" አልኩ።

በአርባቸው ተዝካር ሄጄ፣ ሰው ሲበተን እትዬ ጥሩነሽን ለብቻቸው አገኘኋቸው። "እትዬ፣ ዋሽቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ራሴን አመመኝ ብለውኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁ" አልኳቸው።

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልተሳደቡም። መሬት መሬት እያዩ፣ "አርባ ቀን ሙሉ እሱን ስረግም ከረምኩ" አሉ። "ግትር ነው፣ አፍ አውጥቶ አመመኝ ማለት እንዴት ያቅተዋል፣ ልጆቹን በዝምታው በተናቸው እያልኩ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ይህንኑ ነግሬዋለሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ከቤቴ ውጣልኝ" አሉ፤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ቢያዩኝም አያናግሩኝም።

ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ዛሬ መንገዱ ሰላም ስላጣ እንግዳ የለም፤ እኔም ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የምሠራው። ሥራው ሲመለስ እንሠራለን የሚሉ ወጣት አስጎብኚዎች አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው። ከሜዳ የወጣ በቅሎ ጫኝ እንደ ማንኛውም እንግዳ በከፍታ ይታመማል። አመመኝ ካለ ጭነቱን አራግፋችሁ ሰውዬውን በዚያው ሰዓት አውርዱ። ሳይተርፍ ከቀረም፣ አመመኝ ማለቱን ለቤተሰቡ በዚያው ቀን ንገሩ።