በጾም አፍ እስከ ለቡ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ንፋስ ስልክ ከተከራየናት ክፍል ስወጣ ሰማዩ ገና አልቀላም ነበር። ስንቅ አልያዝኩም፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሩጫው መንገድም ሩቅ የሚባል አይደለም። ከፋብሪካችን በር ተነስቶ በጎፋ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ እስከ ለቡ ይዘልቅና በዚያው ይመለሳል፤ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው ብለውናል። ለእኔ ግን የመንገዱ መጨረሻ ለቡ አልነበረም፤ ደሴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሴቶች ቀን በሚደረገው ሩጫ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት የፋብሪካችን ሠራተኞች ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውድድር ደሴ ይላካሉ። ደሴ እናቴ አለች። ካየኋት ስድስት ዓመት አለፈ። ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ለሥራ ጉዳይ ካልሆነ አይፈቀድም» ተብዬ ተመለስኩ። ጥር ላይ ከዚያ የመጣች ነጋዴ የእናቴን ቃል አደረሰችኝ፦ «ዓይኔ ላይ ጉም እየወረደ ነው፤ ጨርሶ ሳይጋርደኝ ልይሽ።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው እስከ ሳሪስ ሮጬ መመለስ ጀመርኩ። ከመርካቶ በስድስት ብር የገዛሁት የሸራ ጫማ ተረከዙ አልቆ ሁለት ጊዜ አሰፍቼዋለሁ።

አሁን አንድ የሠራሁትን ነገር ልናገር፤ የቀኑ ነገር ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። በዋዜማው የንስሐ አባቴን መምሬ ተክሌን ምን ላድርግ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ውሃ ጠጪ» አሉኝ። «ሯጭም መንገደኛ ነው። ወድቀሽ ከቀረሽ ጾሙም ሩጫውም ያመልጥሻል።» መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ከቅጥሩ በር ስደርስ ግን ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሬ በልቤ ተሳልኩ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ እሮጣለሁ፤ እመቤቴ፣ አንቺ ደግሞ እናቴን አሳይኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሩጫው የሚጀመረው ጠዋት አንድ ሰዓት ስለሆነ ፀሐይ ሳትበረታ እጨርሳለሁ ብዬ አስልቼም ነበር።

አንድ ሰዓት፣ ከዚያም አምስት ሰዓት

የፋብሪካው በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል። ቁጥራችንን ራሳችን ከአቡጀዲ ቀደን የሰፋነው ነው፤ የእኔ ዐሥራ ሰባት ነው። አጠገቤ ጸዳለ ቆማለች። አንድ ክፍል አብረን እንኖራለን፣ የስፌት መኪኖቻችንም ጎን ለጎን ናቸው። የሳሪስ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል።

«የሺዬ፣ ከንፈርሽ ከአሁኑ ደረቀ እኮ» አለችኝ።

«ብርዱ ነው።»

«ለሁሉ ነገር ወላሂ እያለ የሚምል ጎረቤት አለን፣ እሱ እንኳ እንደዚህ አይዋሽም።»

የክብር እንግዳው ዘገዩ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። መጡና ንግግር ተጀመረ። ስለ ሴቶች እኩልነት ብዙ ተባለ፤ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ጥላውም ያለው በእነሱ በኩል ነበር። እኛ ቆመን እናጨበጭባለን። ፊሽካው ሲነፋ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። የየካቲት መጨረሻ ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማለች።

ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ

እስከ ጎፋ ደህና ነበርኩ። ገብርኤል ዘንድ ስደርስ ሳልቆም አማተብኩ፤ ያለመሳለሜ ከበደኝ። መካኒሳ ላይ ሁለተኛ ነበርኩ። ከፊቴ የምትሮጠው ከማሸጊያ ክፍል የመጣች ረዥም ልጅ ነች፤ እሷን መያዝም አላስፈለገኝም፤ ሁለተኛም ደሴ ይሄዳል።

ላፍቶ ላይ ባልዲና ጣሳ የያዘች ሴት መንገድ ዳር ቆማለች። «ጠጪ፣ ጓዲት» ብላ ጣሳውን ዘረጋችልኝ። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁት። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ከላፍቶ ወዲያ ከተማው ያልቃል። አስፋልቱም ያልቃል። በግራና በቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ የገለባ ክምር፣ ጥላ ፍለጋ ባሕር ዛፍ ሥር የተኮለኮሉ ከብቶች። ከመሬቱ የሚነሳው ወላፈን ዓይን ያቃጥላል። ያን ጊዜ የመጣብኝ የደሴ ብርድ ነው። ክረምት ማለዳ ከጦሳ ተራራ ጉሙ እየተንከባለለ ወርዶ ደጃችንን ይሞላዋል። እናቴ በጉሙ ውስጥ ትጠራኛለች፤ አላያትም፣ ድምጿን ይዤ እሄድላታለሁ። አሁን በዚህ አቧራ ውስጥ ያቺን ብርድ በአፌ ሙሉ ብስባት ብዬ ተመኘሁ። ላቤ ደርቆ ደረቴ ላይ ያለው ጨርቅ እንደ ቆዳ ሻክሯል።

ለቡ

መመለሻው አንድ በርሜል ነው። በርሜሉን ዞሬ ጥቂት እንደሮጥኩ መንገዱ አዘነበለብኝ። ቀጥ ብዬ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ ኢንተሎ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ማለት ነው። «እግርሽ እኮ ወደ ማሳዬ እየገባ ነው።»

አንዲት አሮጊት አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው እንስራ አለ። የሚሮጡትን ሊያዩ የወጡ ገበሬ ናቸው፤ በኋላ ስማቸውን ጠይቄ እማማ ድንቂቱ እንደሚባሉ አወቅሁ። ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝና በቅል ውሃ ቀድተው አናቴ ላይ አፈሰሱት። ቀጥለው ቅሉን ወደ አፌ አስጠጉት።

«ጾመኛ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔስ? ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አፌ አልገባም። ግን እኔ ጥላ ሥር ነኝ።»

«ስለት አለብኝ።»

«ለማን?»

«ለእመቤቴ ማርያም። እናቴን እንድታሳየኝ።»

ቅሉን አላራቁትም። «እሺ፣ ያቺ እናትሽ አሁን እዚህ በእኔ ቦታ ብትቀመጥ ምን ትሰጥሽ ነበር?»

አንዲት ሯጭ አለፈችን። ቅሉን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ። ስጠጣ አለቀስኩ፤ እማማ ድንቂቱ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩልኝ። «ቀስ እያልሽ፣ ጉሮሮሽ እንዳይደነግጥ» ብቻ አሉ። ስነሳ ሌላ ሯጭ አለፈች። ጸዳለ ነበረች፤ በየባልዲው ስትጠጣ የመጣች፣ ደረቷ ሁሉ ርሷል። ዞር ብላ «ነይ እንጂ፣ የሺ» እያለች ሄደች።

የመጨረሻው መንገድ

ውሃው እግሬ ውስጥ እስኪገባ ላፍቶ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ሩጫ ሮጥኩ። ጎፋ ላይ የጸዳለን ጀርባ አገኘሁት። ሦስተኛ እሷ፣ አራተኛ እኔ። ከፊቴ ያለው የማውቀው ጀርባ ነው፤ ማታ ማታ ሲያማት የማሸው ጀርባ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንድትወድቅ ተመኝቻለሁ። ወዲያው ደግሞ እንዳትወድቅ ጸለይኩ። የፋብሪካው በር ስንደርስ በመካከላችን ሃያ እርምጃ ነበር። ሃያው እርምጃ ሳይጠብ ሩጫው አለቀ።

ጸዳለ ውጤቷን ስትሰማ አልሳቀችም። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ወሰደችኝ።

«አሞኛል ልበላቸው። አንቺ ሂጂ።»

«በጾም ውሸት?»

«ፍስክ እስኪመጣ ጉዞው ያልፋል፤ ያለኝ ጾም ብቻ ነው።»

«ተይ ጸዱ። አሁን አሞኛል ብለሽ በኋላ እውነት ቢያምሽ እኔ ምን እሆናለሁ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔ ነበርኩ ያባበልኳት።

እቤት

ክፍላችን ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጫማዬን አወለቅሁና የቀረውን ጊዜ ሳልቀምስ ጠበቅሁ፤ ለምን እንደጠበቅሁ ግን አላወቅሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ለመምሬ ተክሌ ተናዘዝኩ። ሰምተው ሲያበቁ «እኔ ጠጪ አልኩሽ። አንቺ ከእኔ ጀርባ ሄደሽ ከእመቤታችን ጋር እንደ ገበያተኛ ተከራከርሽ» አሉ። አርባ ስግደት ሰጡኝ፤ ስለቱንም ፈቱልኝ። ይህ መንገድ ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ እናቴን ለማየት ስጾም ጾሙን ወደ ዋጋ ለውጬው ነበር። የሚሰጥ ሰው እንስራውን ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳለ እኔ የምገዛበት ገበያ እፈልግ ነበር።

ጸዳለ ደሴ ስትሄድ ለእናቴ የምልክላት አጣሁ። ፎቶግራፍ እንዳልል ዓይኗ ደክሟል። ቁጥር ዐሥራ ሰባት ያለበትን ጨርቅ ሳላጥበው አጥፌ ሰጠኋት። እናቴ ልጅ ሳለሁ ከተደረደረ ልብስ መሃል የእኔን በጠረኑ ትለይ ነበር።

ጸዳለ በሳምንቷ ተመለሰች። ሰኞ ገበያ አጠገብ ቤታችንን አግኝታዋለች። እናቴ፣ ጸዳለ ደጇ ላይ መቆሟን በድምፅ እንጂ በዓይን አልለየችም። ጨርቁን ስትሰጣት ግን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ የደረቀውን የላብ ጨው በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይቺ ልጅ ውሃ አልጠጣችም» አለች።

ጸዳለ ከእኔ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። እናቴ ሰምታ ስታበቃ ወደ ጓዳ በዳበሳ ገብታ በትንሽ አቁማዳ የገብስ በሶ አምጥታ «ይህን ስጪልኝ። ያለ ውሃ አይበላም በያት» ብላ ላከችልኝ። ጨርቁን ግን አልመለሰችም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበሶው አንድ እፍኝ አወጣሁ። ውሃ ጨመርኩበት፣ በጠበጥኩት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።