ከእናቴ ጋር ወደ ጃፓን ግንብ

ሰኞ ንጋት፣ ሶዶ

የዳሞታ ተራራ ገና ከደመናው አልወጣም። መናኸሪያው ጭቃ ነው፤ ረዳቶቹ "አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ" እያሉ ይጣራሉ። እናቴ ትናንት ከበዴሳ መጥታ እኔ ቤት አደረች። አሁን ነጠላዋን ተከናንባ፣ በሶና ቆሎ የያዘውን ዘንቢል ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣለች። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ በሰው አገር የሚበላ አላገኝም ብላ ነው።

የምንሄደው ጃፓን ነው። ታናሽ ወንድሜ ምናሴ ለትምህርት ሄዶ፣ ሥራ ይዞ እዚያው ቀርቷል። የጥንት የአትክልት ስፍራዎችንና ግንቦችን ላሳያችሁ ብሎ ትኬት ልኮልናል። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ እነዚያን ቦታዎች በፎቶ እያየሁ ስመኝ ኖሬአለሁ። እናቴን ግን የሚያስኬዳት ሌላ ነው። አምና አባታችን ሲሞት ምናሴ ለቀብር አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልኩን አታነሳም።

ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት፣ ልጅዎን ሊያስመርቁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

"አንድ ነገር ልጠይቀው ነው" አለችው።

ቦዲቲን እስክናልፍ ማንም አላናገራትም።

ረቡዕ፣ ኦሳካ

ምናሴ አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከስቷል፤ ፀጉሩም ከፊት ሳስቷል። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው። "ደህና ነህ?" አለችው፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። እዚህ አገር ባቡር ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ አያወራም፤ የእኛ ዝምታ ከማንም አልተለየም።

የምናሴ ክፍል ጠባብ፣ ንጹሕ ነው። አትክልት ብቻ ነው ብሎ ያቀረበው ሾርባ እናቴን ዓሣ ዓሣ ሸተታት። ሳትነካው በሶዋን በጠበጠች። ምናሴ ሳህኑን አንስቶ ረጅም ጊዜ ሲያጥብ ቆየ።

ሐሙስ፣ ኪዮቶ

ስመኘው የኖርኩት የአትክልት ስፍራ ይኸው። እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት፣ በመንሽ ተስሎ ውሃ የመሰለ ነጭ ጠጠር፣ እሳት የመሰለ ቅጠል፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘለለ የሚታለፍበት ኩሬ። ዓይኔ ግን እነሱ ላይ ነው። ምናሴ ፊት ፊት እየሄደ ያስረዳል፤ እናቴ ኋላ ኋላ እየተከተለች እኔን ብቻ ታያለች።

ኩሬው ዳር ያረጀ ጥድ አለ። ቅርንጫፎቹ እንዳይወድቁ ከሥራቸው የእንጨት ባላ አቁመውላቸዋል። እናቴ እዚያ ቆመች።

"ለዛፍ እንዲህ ይጨነቃሉ" አለችኝ። ለእኔ ነው ያለችው፤ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

ምናሴ ማስረዳቱን ተወ። ስንወጣ በር ላይ በትኩስ ድንጋይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሸጣል። ዋጋውን ሳልነግራት ገዛሁላት። ሽታው የጓሮዋ ነው፤ ልጣጩን እየላጠች ጨረሰችው። ለእሱ ግን አላካፈለችውም።

ዓርብ፣ ግንቡ

ግንቡ ኮረብታ ላይ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። በር ላይ ጫማ ይወለቃል፤ በላስቲክ ከረጢት ይዘነው ገባን። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ግዙፍ ምሰሶዎች፣ በሰው እግር የለሰለሰ ወለል፣ እንደ መሰላል የቆመ፣ መያዣ ገመድ ያለው የእንጨት ደረጃ። እናቴ ገመዱን እየያዘች ወጣች። ከላይ ከተማውን አየን።

መከራው ስንወርድ ነው። አንዱ ደረጃ ጫፍ ላይ ቁልቁል አይታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አልወርድም አለች። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፤ ጠባቂ መጥቶ በእጁ ያረጋጋት ጀመር። እጇን ብይዛት መነጨቀችኝ። ያን ጊዜ ምናሴ አልፎን ጥቂት ወረደና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

"እማዬ፣ ጀርባሽን ስጪኝና ውረጂ። እግርሽን እኔ አስቀምጥልሻለሁ።"

ዞረች። ቁርጭምጭሚቷን ይዞ አንዱን እግር አሳረፈ፤ ቀጥሎ ሌላውን። መሐል ላይ ቆመች። ፊቷን ከእንጨቱ ሳታነሳ በወላይትኛ፣ "አባትህን ስንቀብር የት ነበርክ?" አለችው።

ከላይ የቆመው ሕዝብ አልገባውም።

"ትምህርቱን አቋርጬ ነበር" አለ። "የመኖሪያ ፈቃዴ አልቆ ነበር። ብወጣ መመለሻ የለኝም። ልንገራችሁ እያልኩ አፈርኩ። ወረቀቱ ሲስተካከል ደግሞ ፊትሽን ማየት ፈራሁ።"

የሰልፉ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ አንድ እጇን ከገመዱ ለቃ ወደ ኋላ ዘረጋች፤ እየዳበሰች ጭንቅላቱን አገኘችና እጇን እዚያው አሳረፈች።

"አባትህ እስኪያልፍ በር በሩን ያይ ነበር" አለችው። "በል አውርደኝ።"

ታች ስንደርስ ምናሴ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እናቴ ጫማዋን አድርጋ ለቅሶውን እስኪጨርስ አጠገቡ ቆመች።

ማክሰኞ፣ በዴሳ

ከሶዶ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሆነን ተሳፈርን። ምናሴ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ለምኖ ከእኛ ጋር መጥቷል፤ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ጎረቤቱ እናቴ ቤት ተሰብስቦ እየጠበቀን እንደሆነ ተደውሎልናል፤ እሱ ግን ወደ ቤት አልዞረም። ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

አጥሩ በር ላይ እናቴ ተሳልማ የአባታችንን መቃብር በጣቷ አሳየችው። ልከተለው ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይው" አለችኝ። "ብቻውን ይንገረው።"