ግማሽ አጎበር

ከሶዶ ወደ ዲምቱ፣ ወደ አማቴ ቤት፣ በእግሬ እንደምሄድ ስናገር የሚስቴ ታናሽ ወንድም ሚኒባስ እንዳለ አስታወሰኝ። ሚኒባስ እንዳለማ አውቃለሁ። ችግሩ ቶሎ ማድረሱ ነው። ሚስቴ ስትቀበር እናቷ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። አሁን ተሽሏቸው፣ እንዴት እንደሞተች እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብለው ልከውብኛል። ይህን ለመናገር የሚቸኩል ሰው ካለ ሚኒባሱን ይያዝ። እኔ በበዴሳ በኩል ያለውን መንገድ መረጥኩ፤ ይረዝማል።

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ያለቅሳል ይባላል። እኔ ዕቃ መረጥኩ።

ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚጓዙ ፈረንጆች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ሳነብ ሰነበትኩ። ሃይማኖታቸው ክብደት ነው፤ ሸክም ለመቀነስ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር ቆርጠው ይጥላሉ። ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ የዝናብ ልብስና የትንኝ መከላከያ ሲጽፉ ስለ ነፍስ የሚጽፉ ይመስላሉ። ከሚያወድሱት ዕቃ አንዱም ሶዶ ገበያ የለም።

ሶዶ ያለው ሞተረኞች የሚለብሱት ወፍራም የዝናብ ልብስ ነው። ሱቁ ውስጥ ለክቼው ጥቂት ወዲያ ወዲህ ብል ዝናብ ሳይነካኝ በላብ ረጠብኩ። ጃንጥላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ እጅ ይይዛል፣ ሰውንም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ያስመስላል። በመጨረሻ በሜትር ከሚሸጠው ስስ ላስቲክ አስቆረጥኩ። ሻጩ ለለቅሶ ድንኳን መሆኑን ጠየቀኝ። ለቅሶው አልፏል፣ ለራሴ ነው አልኩት።

“ለአንድ ሰውማ ይበቃል” አለ።

የቀረው ቢምቢ ነበር። ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ አገሩ የወባ ነው። የሚቀባው መድኃኒት ቆዳዬን ያሳክከኛል፤ ስለዚህ አጎበር። እኛ ዘንድ አጎበር ብዙ ሥራ አለው፤ ጫጩት ይከለልበታል፣ ችግኝ ይታጠርበታል፣ ሣር ይታሰርበታል። ሚስቴ ግን በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። የእኛ ለመታጠብ ካልሆነ ከአልጋችን ላይ ወርዶ አያውቅም። የገደላት ወባ ሳይሆን ኩላሊቷ ነው። አጎበሩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ለሁለት ሰው የተሠራ ስለሆነ ለአንድ መንገደኛ ይከብዳል። ፈረንጆቹ የብሩሽ እጀታ ከቆረጡ እኔ አጎበር ብቆርጥ ምን አለበት ብዬ መቀስ አመጣሁ፤ መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። የሚስቴ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

“ጋሼ፣ ሌላ እኮ ፈልገን እናመጣ ነበር” አለ።

ይሄ ይቀላል አልኩት። ስጨርስ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። መቀሱ ደንዞ ኖሮ አውራ ጣቴን አመመኝ፤ ሌላ ምንም የለም።

በዴሳ አድሬ ጠዋት ስነሳ ፊቴ አብጧል። ግማሽ አጎበር ሦስት ጎን ብቻ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። ይህን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ ማንበብ ግን እንዳላውቀው ረድቶኛል። ከበዴሳ ስወጣ ዝናቡ ያዘኝ። ላስቲኩ እስከ ጉልበቴ ሠራ፣ ከጉልበቴ በታች ጭቃ ሆንኩ። እንዲሁ እንዳለሁ ዲምቱ ገባሁ።

አማቴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። በመንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁትን ንግግር ልጀምር ስል ፊቴን አዩ።

“አጎበር የለህም?”

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

“ሌላውስ?”

“ቤት ነው፣ እማማ።”

“የመጣው ያንተ ጎን ነው የእሷ?”

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ስቆርጥ አላየሁም።

መርፌና ክር አስመጡ፤ አሮጌ ነጠላቸውንም አስመጡና የተከፈተውን ጎን በእሱ ይዘጉት ጀመር። ከስፌቱ ቀና ሳይሉ፣ “በል ንገረኝ” አሉ።

ሆስፒታል ከገባንበት ጠዋት ጀመርኩ። ድምፄ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንደበላች፣ ምን እንደጠየቀች፣ ማን አጠገቧ እንደነበር፣ ሁሉንም በተራው አልኩ። አማቴ አላቋረጡኝም፣ አላለቀሱምም። ክር ሲያልቅባቸው ብቻ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙኛል፤ አዲሱን አሾልከው ሲጨርሱ ቀጥል ይሉኛል።

ታሪኩ ሲያልቅ ስፌቱ ገና ነበር። እጃቸውን አየሁ።

“ከመጀመሪያው” አሉኝ።